ቱንቢው ሲወርድ

ዛሬ የጋምቤላ ሙቀት አናት የሚበሳ ነበር። ግንበኝነት ከማስተምራቸው ወጣቶች ግማሾቹ ከደቡብ ሱዳን ተሰደው የመጡ፣ ግማሾቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ሆን ብዬ ከደቡብ ሱዳኗ ናስር ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ከአንድ የጋምቤላዋ ኢታንግ ልጅ ጋር አጣመርኳቸው። በቦኖ ወረፋ ተኳርፈው እንደሰነበቱ ሰምቻለሁ።

እስከ ረፋድ ጀርባ ተሰጣጥተው ብሎኬት ደረደሩ። አራተኛው ረድፍ ላይ ቱንቢ (ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ክብደት) ስናወርድ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል። የኢታንጉ ልጅ “ይፍረስ” ሲል የናስሩ “መምህር፣ በልስን ይሸፈናል” አለኝ። ልስን የስንቱን ጉድ ይሸፍናል! አፈረስነው። ሲሚንቶው ስላልደረቀ ብሎኬቶቹን አጥበን መለስናቸው። ከዚያ በኋላ አንዱ ቱንቢ ይዞ፣ ሌላው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ “ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ በቃ” ሲባባሉ ዋሉ፤ በአማርኛ፣ በአረብኛ፣ ሲያቅታቸው በእጅ። አመሻሹ ላይ ግድግዳው ቀጥ አለ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖር መብት ይሰጣል። እኛ ደግሞ የምስክር ወረቀት አድለን ቱንቢውንና ውሃ ልኩን መጋዘን ውስጥ እንቆልፍበታለን። ባዶ እጁን የወጣን ግንበኛ ማን ይቀጥረዋል? (ይህን በስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።)

ልንለያይ ስንል የናስሩ ልጅ ቱንቢውን በመዳፉ መዘነና ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ወደ ጓደኛው ዞረ፤ “ለሁለት እንግዛው?”