ከጎርፍ በኋላ የመኖ ድጋፍ፦ ከቆጠራ እስከ ርክክብ የተከተልኩት አሠራር

በጣና ዙሪያ ሜዳ ጎርፍ የሚመጣበት ወር ይታወቃል። ርብና ጉማራ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን፣ መገጭ ደግሞ ደንቢያን የሚያጥለቀልቁት ክረምቱ ሲጠና፣ ነሐሴ ላይ ነው። በ1998ም በ2012ም የሆነው ይኸው ነው። ለከብት ክፉ የሚያደርገውም ወሩ ነው። ያን ጊዜ የአምናው ገለባ ተሟጦ ክምሩ ሥሩ ብቻ ቀርቷል፣ የወል ግጦሹ ውሃ ውስጥ ነው፣ አዲስ የሩዝ ገለባ የሚገኘው ደግሞ አጨዳው ሲደርስ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ውሃው ቢሸሽም ሣሩ ደለል ለብሶ ስለሚቆይ ከብቱ አይደፍረውም። ስለዚህ የመንግሥት ድጋፍ የሚሸፍነው ክፍተት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን 60 ቀን ያህል ነው። እዚህ የምጽፈው በአንድ የሜዳ ወረዳ የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ ይህን ድጋፍ ሳስተባብር የተከተልኩትን አሠራር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። «ስንት ከብት አለህ?» ተብሎ በጽሕፈት ቤት የሚሞላ ቅጽ ቁጥሩን ያሳብጣል። ቤት ለቤት ሲኬድ ደግሞ የጎረቤት ከብት ከግቢ ግቢ ይዞራል። መፍትሔው በአንድ ቀበሌ ያሉትን ጎጦች ሁሉ በአንድ ማለዳ፣ ከብቱ ከበረት ሳይወጣ መቁጠር ነው። ለየጎጡ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና ከሌላ ጎጥ የመጣ አንድ አርሶ አደር መደብኩ። ቅጹ ላይ ከራስ ቁጥር በተጨማሪ ሦስት ነገር ይሞላል፦ የእርሻ በሬ፣ የምትታለብ ወይም የከበደች (ያረገዘች) ላም፣ በቤቱ የተረፈ ገለባ በኩንታል ግምት። ውሃ የከበባቸው ጎጦች በታንኳ ይደረሳሉ፤ ጠዋት ካልተደረሱ ለብቻቸው በማግስቱ ይቆጠራሉ እንጂ በግምት አይሞሉም።

ስሙ የተመዘገበው ሰው ዝርዝር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ወረቀት ለጥፎ መሄድ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ቅሬታውን የሚያመጣው መኖው ከታደለ በኋላ ይሆናል። የቅሬታ ኮሚቴው ውስጥ የእድር ዳኛና ቢያንስ ሁለት ሴቶች እንዲገቡ አድርጌያለሁ። ባል የሌላቸውን ቤቶች ከዝርዝር መውደቅ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ አቋሜ የማይወደድ ነው። ለሁሉም ከብት ማደል አይቻልም። በቤት አንድ እስር ድርቆሽ የደረሰው ሰው ያንን በሁለት ቀን ጨርሶ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የዳነ ከብት ግን የለም። በቤት ሁለት ራስ ብቻ እንዲመረጥና እነሱ 60 ቀኑን ሙሉ እንዲበሉ አደረግሁ። ቅድሚያ የእርሻ በሬ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው ሲሸሽ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘራው በሱ ነው፣ ያ ካለፈ ቤቱ ሁለተኛ ሰብሉንም ያጣል። ቀጥሎ የምትታለብ ወይም የእርግዝናዋ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ላም። የቀረው መንጋ ደጋ ወዳሉ ዘመዶች ይሄዳል፣ ያረጀውና መካኑ ገበያ ሳይወድቅ በመስከረም መጀመሪያ ይሸጣል። ይህን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ድጋፍ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አሮጌውን ከብት የሚያወጣው አጥንቱ ሲቆጠር ነው።

የቀን ድርሻው እንዲህ ይሰላል። በሜዳው ያለች 250 ኪሎ የምትመዝን ላም ሙሉ ብትበላ የክብደቷን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 6 ኪሎ ከሩብ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ሕይወት ለማቆየት 3 ኪሎ ገለባና 1 ኪሎ የተመጣጠነ መኖ ይበቃታል፤ የቀረውን ከዳር ዳር ትለቅማለች። ያቺ 1 ኪሎ ሁለት እጅ የስንዴ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የኑግ ተረፈ ምርት) ናት። የሩዝ ገለባ ፕሮቲኑ 4 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ከብቱን በእግሩ አያቆምም፤ ፋጉሎው የሚገባው ለዚህ ነው። ለ1,000 ራስ ከብት ለ60 ቀን ሲባዛ 1,800 ኩንታል ገለባና 600 ኩንታል የተመጣጠነ መኖ ይሆናል።

አሁን መኪናውን እንቁጠር። 1 ሜትር በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ እስር 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 5 ሜትር በ2.2 ሜትር የሆነ አልጋ ያለው አይሱዙ እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ቢደረደርበት የሚይዘው 137 እስር፣ ከ2 ቶን ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። ማለትም ድርቆሽም ሆነ ገለባ መኪናን የሚሞላው በስፋቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። ገለባው ከሩቅ ይምጣ ከተባለ 88 ጉዞ ይፈልጋል፤ የተመጣጠነው መኖ ግን በ5 ቶን ጭነት በ12 ጉዞ ያልቃል። የትራንስፖርት በጀት አለቀ ተብሎ ድጋፉ መሀል ላይ የሚቆመው ይህ ስሌት ሳይሠራ ሲቀር ነው። ከዚህ የወሰድኩት ውሳኔ፦ ከሩቅ የሚጫነው ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ ይሁን፣ ገለባው ጎርፍ ካልነካቸው የዚያው አካባቢ ቀበሌዎች ይገዛ የሚል ነው።

የድጋፍ ጥያቄ ደብዳቤውም በዚሁ ስሌት ይጻፋል። «ይህን ያህል ሺህ ከብት ለችግር ተጋልጧል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲያልፍ ከሰው እርዳታ ጥያቄ ሥር ይቀበራል። ኩንታሉን፣ የሚያስፈልግበትን ቀን፣ የመኪና ጉዞውን፣ ማከማቻው የት እንደሆነና ድጋፉ የሚቆምበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሲያያዝ ግን በጀት የያዘው ክፍል ተመልሶ የሚጠይቀው ነገር የለም። ደብዳቤው ጎርፉ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መውጣት አለበት፣ ቆጠራው ባያልቅ እንኳ በግምት፤ ትክክለኛው ቁጥር በሁለተኛ ደብዳቤ ይስተካከላል።

ግዢ ላይ ውሉ በኪሎ እንጂ በእስር ወይም በከረጢት አይፈረም። በእስር ከተፈረመ እስሩ በየመኪናው እየላላ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጭነት ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር አሥር እስር አውጥቼ አስመዝናለሁ። እጅን ወደ እስሩ ልብ አስገብቶ መዳሰስም ግድ ነው፤ ከሞቀ ወይም ከሻገተ እርጥብ ሳለ የታሰረ ነው፣ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ የድርቆሽ አጨዳ ጥቅምትና ኅዳር ስለሆነ በመስከረም የሚሸጥ ደህና ድርቆሽ የአምና ነው። «የዘንድሮ ነው» የሚል ሻጭ እርጥብ ሣር እየሸጠ ነው። ፋጉሎን ደግሞ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ማየት ይበቃል፤ አሸዋና አፈር ከተቀላቀለበት ቶሎ ሥር ይዘቅጣል። ሻጋታ የሸተተ ፋጉሎ በምንም ዋጋ አይወሰድም፣ የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲኑ፣ ለከብቱም ለወተቱም ይተርፋል።

መኖው ሲገባ በንብረት ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19)፣ ሲወጣ በንብረት ወጪ ደረሰኝ (ሞዴል 22) ይያዛል። መጋዘኑ ውስጥ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ይሠራለታል፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይርቃል። ላስቲክ ከላይ ብቻ ይሸፈናል፤ ዙሪያውን የተጠቀለለ እስር ወዙ መውጫ አጥቶ በሳምንት ይሻግታል።

ብዙ ወረዳ ችላ የሚለው፣ እኔ ግን የድጋፉ እምብርት የምለው ገለባውን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ ይሟሟል፤ ገለባው በደንብ የደረቀ ከሆነ 100 ሊትር፣ ክረምቱ ያራሰው ከሆነ 80 ሊትር ይበቃል። የስልጠና ጽሑፎች 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ጉድጓድ ይቆፈር ይላሉ። በሜዳው በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ውሃ ያፈልቃል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ከመሬት በላይ መሥራት ይሻላል። ገለባው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል፣ የተለካው ውሃ በማጠጫ ይርከፈከፋል፣ በእግር ይረገጣል፣ ሌላ ንጣፍ ይደረባል። መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ዙሪያው በጭቃና በድንጋይ ይታተማል። በሜዳው ሙቀት 21 ቀን ይበቃዋል። ሲከፈት ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ ቢጫ፣ ሽታው አፍንጫ የሚበሳ ከሆነ ሠርቷል፤ ነጭ ሻጋታ የያዘው ክፍል አየር የገባበት ነው፣ ይጣላል። የዕለቱ ድርሻ ከዋዜማው ወጥቶ ይነፍሳል፣ ቀሪው ተመልሶ ይታሸጋል። ፕሮቲኑ ከ4 ወደ 7 ወይም 8 በመቶ ይወጣል፣ ከብቱም ካልታከመው ይልቅ ብዙ ይበላለታል።

የ21 ቀኑ ጥበቃ ነው አጠቃላዩን ዕቅድ የሚወስነው። ገለባው የታሸገው ድጋፉ በጸደቀ ዕለት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከብቱ በተራ ገለባና በተመጣጠነ መኖ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ የታከመው ሲደርስ የፋጉሎው ድርሻ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ከ1,800 ኩንታሉ ግማሹን ለማከም 45 ኩንታል ዩሪያ ያስፈልጋል። ይህ ከማዳበሪያ ድርሻው ጋር እንዳይምታታ ለብቻው ተጠይቆ ለብቻው ይመዘገባል።

ዩሪያ ይገድላል። ጥሬ ዩሪያ የላሰ ወይም ዩሪያ የተበጠበጠበትን ባልዲ የጠጣ ከብት ምራቁ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ለመድረስ ጊዜ የለም። ቶሎ ከተደረሰ ከ2 እስከ 4 ሊትር ኮምጣጤ ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይጋታል። ለአህያ፣ ለፈረስና ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ የታከመ ገለባ አይሰጥም። ዩሪያውን ለየቤቱ በኪሎ ማደል ትክክል አይመስለኝም፤ በጎጥ ደረጃ በቡድን ይታከምና የተዘጋጀው ገለባ ይከፋፈል። ያኔ ልኬቱ በአንድ ባለሙያ ዓይን ሥር ይሆናል።

እደላው በየ15 ቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው። የ60 ቀኑን በአንድ ጊዜ የወሰደ ቤት ጎርፍ የገባበት ጎጆ ውስጥ የሚያከማችበት የለውም፤ ወይ ይሸጠዋል ወይ ይበሰብስበታል። የእደላ ቦታው ከሩቁ ቤት ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥ፤ አንድ ሴት 30 ኪሎ ገለባ አዝላ በጭቃ ከዚያ በላይ አትሄድም። ከብቱን ወደ እደላ ቦታ ማምጣት አያስፈልግም፣ የደከመው መንገድ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው እደላ ቀን ለሁሉም የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ ተርቦ ለከረመ ከብት ፉርሽካና ፋጉሎ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ አይሰጥም። ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት አልለመዱትም፣ አሲድ በዝቶ ይገድለዋል። ሩብ ኪሎ ለአራት ቀን፣ ግማሽ ኪሎ ለቀጣዮቹ አራት፣ ከዚያ ሙሉው ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ፣ ገለባ ከቀመሰ በኋላ። «መንግሥት የሰጠው መኖ ከብቴን ገደለብኝ» የሚለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

እምቦጭ ለምን አይበላም ይባላል። ይበላል፣ ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ 4 ኪሎ ደረቅ መኖ ለማግኘት 50 ኪሎ እርጥቡን ማጨድና ማጋዝ ይጠይቃል። ሥሩ ተቆርጦ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ጠውልጎ፣ ከድርሻው ከሩብ ሳያልፍ ቢሰጥ ችግር የለውም። ከከተማ ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ ግን አይታጨድም፣ ከባድ ብረቶችን ይመጥጣል።

መኖው ብቻውን አይሠራም። ውሃው ሲሸሽ ቀንድ አውጣው ይበዛል፣ ከሱ ጋር የጉበት ትል። ትል ጉበቱን የበላው ከብት ፋጉሎ ቢበላም አይነሣም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ ጎርፍ ተከትሎ የሚገባውን ለጋ ትል የሚያገኘው ትራይክላቤንዳዞል ስለሆነ በጀቱ ውስጥ ይህ በስሙ መጠቀስ አለበት። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ከቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመጣል፤ የአባ ሰንጋ ክትባት በወሰደ ሰሞን ከብቱ አንቲባዮቲክ አይወጋ፣ ክትባቱን ያከሽፈዋል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ችግር የዘገየ ጭነት ነው። በሠንጠረዡ ላይ የማብቂያ ቀን የተጻፈው ለዚህ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ያልደረሰ ገለባ አይገዛም፤ ሩዙ ታጭዶ በየአውድማው ገለባ በሞላበት ሰዓት ከውጭ መጫን ብክነት ነው። ቀሪው ገንዘብ በደብዳቤ ወደ መድኃኒት፣ ወደ ላስቲክና ገለባ በእጅ ተጠቅጥቆ ወደሚታሰርበት ሣጥን እንዲዞር አስጠየቅሁ። በታኅሣሥ የሚባክነውን የሩዝ ገለባ በሣጥኑ አስሮ፣ የግድግዳው ላይ የጎርፍ ምልክት ከደረሰበት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ማማ ላይ መደርደር ይቻላል። ለሁለት ራስ ከብት ለ60 ቀን 24 እስር ይበቃል፤ ቦታውም 5 ሜትር ኩብ አይሞላም።