በልጄ ቁመት ልክ

የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። እስከ ልጄ ትምህርት ቤት በእግር 20 ደቂቃ ይሆናል። አምና በኮንትራት ባጃጅ ነበር የምትሄደው፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ታጭቃ። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ በእግራችን እንሂድ ተባባልን።

ጎረቤቶቼ «በዚህ ሁሉ መኪና መሀል?» አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሐዋሳ ሜዳ ናት። ታቦር ተራራን ካልወጡ በቀር እዚህ ግባ የሚባል አቀበት የላትም። እኛ ከተማዋን በሳይክል እየዞርን ነው ያደግነው። ልጄ ይህ እንዲቀርባት አልፈልግም።

በመጀመሪያው ሳምንት መታጠፊያው ጋ አንዲት የቤት መኪና ጥግ ይዛ ቆማለች። በላይዋ አሻግሬ አየሁና «ነጻ ነው፣ እንሻገር» አልኳት።

«አባዬ፣ ለኔ እኮ አይታየኝም» አለችኝ።

ቁጢጥ አልኩ። ከእሷ ቁመት ሲታይ ያለው የመኪናው በር ብቻ ነው። ሹፌሩም እሷን አያያትም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቆመ መኪና ጀርባ ተነስተን አንሻገርም፤ ትንሽ ዞረን ሁለቱም አቅጣጫ ወደሚታይበት እንሄዳለን። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችንን እንይዛለን፣ የሚመጣው ፊት ለፊት እንዲታየን። ባጃጅ ስትመጣ ደግሞ የፊት ጎማዋን እንድታይ አስተማርኳት። ፍሬቻ የማያሳይ ሹፌር ብዙ ነው፤ ጎማዋ ግን አትዋሽም።

ዜብራ ላይም መኪናው መቆሙን ሳናይ አንገባም። ልጆች የመኪና ፍጥነት መገመት ይከብዳቸዋል። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሹፌሮች፣ በትምህርት ቤት በር ስታልፉ እባካችሁ ቀስ በሉ።

ለገና ሳይክል ገዛሁላት። ትምህርት ቤት ይዛው ለመሄድ ግን ጊዜው አልደረሰም። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ቀኟን ይዛ ትለማመዳለች። ከመነሳታችን በፊት ፍሬኑን ጨብጣ ሳይክሉን ትገፋለች፤ ጎማው ከዞረ አንወጣም። የከበዳት ወደ ኋላ ማየቱ ነው። አንገቷን ባዞረች ቁጥር መሪውም አብሯት ይዞራል። ቀሚሷ አንዴ ካቴናው ውስጥ ስለገባባት አሁን ሱሪ ነው የምትለብሰው።

በእግር ግን ጎብዛለች። አሁን ከጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ጋር ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ትናንት መታጠፊያው ጋ ልጁ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ» አለችው፣ «መጀመሪያ ጎማዋን እይ።»