ሌ ማን ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር

የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ለማየት የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ እንቅልፉ ማሰብ አለበት። የምኖረው ፓሪስ አጠገብ ነው፤ ውድድሩ የሚካሄድባት የሌ ማን ከተማ ከእኛ በስተደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የዚህ ውድድር ልቡ ግን ሌሊቱ ነው፤ ሌሊቱን ያላየ ሌ ማንን አየሁ ማለት አይችልም ባይ ነኝ። ስለዚህ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጀመረው ውድድር ከአጎቴ ልጅ ጋር ድንኳን ጭነን ተጓዝን። ሁለታችንም ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ አድረን አናውቅም።

የድንኳን ቦታ ከመግቢያው ትኬት ለብቻው የሚገዛ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። እኛ ገና በፈረንሳዩ የክረምት ብርድ ገዝተን አስቀምጠን ነበር። የደረስነው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ አሁንም ለሚሄድ ሁሉ ሐሙስን እመክራለሁ። ቀድሞ የደረሰ ከፍ ያለ መሬት ይመርጣል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ዝናብ በመጣ ጊዜ ውኃ ይቋጥራል። ሐሙስ ማታ ደግሞ መኪኖቹ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ልምምድ ያደርጋሉ። ይህ ለእኛም ልምምድ ሆነልን፦ የጆሮ መድፈኛው ይበቃ እንደሆነ፣ ፍራሹ ከመሬት የሚወጣውን ቅዝቃዜ ይከለክል እንደሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ በጨለማ በየት በኩል እንደሚገኝ በዚያች ሌሊት አወቅን። ዓርብ ሩጫ የለም፤ አሽከርካሪዎቹ በከተማው መሀል በሰልፍ ያልፋሉ። እኛ ካስማዎቹን እንደገና መትተን፣ ገመዱን ወጥረን፣ ቀን ላይ ጥሩ አድርገን ተኛን። ያ የቀን እንቅልፍ ቅዳሜን አሻገረን።

ውድድሩ የሚጀመረው ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ የሚያበቃውም እሑድ በዚያው ሰዓት። ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው። አንዱ ዙር 13.626 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፊሉ በሌላው ጊዜ ሰው ሥራውና ገበያው የሚሄድበት ተራ የመኪና መንገድ ነው። በዚያ ዓመት 62 መኪኖች በሦስት ምድብ ተሰለፉ። ቦታው ሰፊ ስለሆነ አንድ ስፍራ ተቀምጦ ሁሉን አያለሁ ማለት አይቻልም። እኛ በወረቀት ላይ የትኛውን ሰዓት የት እንደምንሆን፣ የትኛውን ሰዓት ደግሞ እንደምንተኛ ጽፈን ነበር። ከ300 ሺህ በላይ ሰው በሚሰበሰብበት ስልክ አይታመንምና ብንጠፋፋ የምንገናኝበትን በርም ቀድመን ወስነናል። ትንሽ ሬዲዮ ከማዳመጫ ጋር መያዛችን ከሁሉ በለጠ፤ በ91.2 ኤፍ ኤም በእንግሊዝኛ ሌሊቱን ሙሉ የሚተላለፈው ዘገባ ማን የት እንዳለ ይነግር ነበር።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አርናዥ ወደሚባለው መታጠፊያ ሄድን። መኪና እጅግ ቀዝቅዞ የሚታጠፍበት ጠባብ ኩርባ ነው። ከዛፎቹ መሀል መጀመሪያ መብራቱ ይመጣል፤ ከዚያ አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ከጎማው ውስጥ የፍሬኑ ዲስክ እንደ ፍም ይቀላል። ኩርባው ላይ ሲደርስ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ነዳጅ ሲሰጠው ደረታችን ውስጥ ይሰማናል። ከዚያ የሚቀጥለው ይመጣል። የአጎቴ ልጅ በጣም ብዙ ፎቶ አነሣ፤ ኋላ ግን ካሜራውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየ። ይህንን በቴሌቪዥን ማግኘት አይቻልም።

ወደ ንጋቱ ዝናቡ በረታና ሴፍቲ ካር፣ ማለትም አደጋ እንዳይደርስ ከፊት እየመራ ሁሉንም በዝግታ የሚያስኬደው መኪና፣ ወጣ። መኪኖቹ ከአራት ሰዓት በላይ በዝግታ ተሰልፈው ዞሩ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ለእኛ ግን የተሰጠን የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። ቦቲያችንን ከድንኳኑ በር ውጭ በፕላስቲክ ከረጢት ከትተን፣ ደረቅ ካልሲ አድርገን ገባን። ሰኔ እዚህ አገር የሙቀት ወቅት ነው ብሎ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ የያዘ ሰው በዚያች ሌሊት ተቸግሯል፤ የእኛ የመኝታ ከረጢት ለቅዝቃዜ የተሠራ ስለነበር ሞቆን አደርን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ የቀሰቀሰን ድምፅ ነው፤ የሞተሮቹ ዝግ ያለ ጉርምርምታ ድንገት ከፍ ሲል ውድድሩ እንደገና መለቀቁን በጆሯችን አወቅን። የካዲላክ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ጓጉሮ ሲያልፍ ዓይኔን ሳልገልጥ እለየው ነበር።

ስለ ምግብ ብዙ አልናገርም። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይዘናል። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ዝናብ ውስጥም ይበጠበጣል፣ ያጠግባል። ቡናውን በጋዝ ምድጃ ስናፈላ ከጎረቤት ድንኳን ሁለት እንግሊዛውያን ሽማግሌዎች መጡ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው ሲሄዱ ለድንኳናችን ትርፍ ሸራ ሰጡን፤ ያንን ሸራ ከነፋሱ በኩል ወጥረነው ነው የዳንነው።

እሑድ መጨረሻው ልብ የሚሰቅል ነበር። የሚመራው ቁጥር 50 ፌራሪ በሩ አልዘጋ ብሎ ለማስተካከል ወደ መጠገኛው ገብቶ ወጣ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ቶዮታን የቀደመው በ14 ሰከንድ ብቻ ነው። ሕዝቡ ወዲያው ወደ መውጫው ሲጎርፍ እኛ አልተንቀሳቀስንም። መንገዱ ለሰዓታት ይዘጋል፤ ድካም ላይ መሪ መያዝም አደጋ ነው። እሑድንም እዚያው አድረን ሰኞ ጠዋት ወጣን። ድንኳኑ እርጥብ ስለነበር ቤት እንደደረስን በረንዳ ላይ ዘርግተን ሁለቱንም ገጽ አደረቅነው፤ እንደታጠፈ ከተቀመጠ ይሻግታል።