«ለፈተና ያዙት»

አሜሪካኖች ስለ ዝግመተ ለውጥ (ኢቮሉሽን) ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። እኛ አገር ክስ የለም። መምህሩ ምዕራፉን ሲጀምር ፈገግ ይልና «እንግዲህ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ለፈተና ያዙት» ይላል። ተማሪው ይስቃል። ይሸመድዳል፣ መልሱን ያጠቁራል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ባዮሎጂ ማስተማር ስጀምር ደግሞ መምህራን ክፍል ውስጥ የሰማሁት ይህንኑ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ ጎበዝ መምህር፣ ጄኔቲክስ ሲያስተምር ክፍሉ ጸጥ የሚልለት ሰው። ኢቮሉሽን ላይ ሲደርስ ግን ማስታወሻ አስገልብጦ ይወጣ ነበር። «ጭቅጭቅ ምን ያደርግልኛል» ይለኛል። አልፈርድበትም።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ባዮሎጂ ጀምራለች፣ እሱ ደግሞ ተናዷል። «እኔ አታስተምሯት አላልኩም፤ ዝግመተ ለውጡንም ፍጥረትንም፣ ሁለቱንም ያስተምሯትና እሷ ትምረጥ። ምን ክፋት አለው?» አለኝ በስልክ። እውነቱን ለመናገር ሲሰሙት ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ በማይፈርድበት አገር ላደገ ሰውማ በጣም ትክክል ይመስላል። ግን ይህ ሐሳብ እዚያው አሜሪካ ከ20 ዓመት በፊት ተሞክሯል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ለስድስት ሳምንት ያህል ተበጥሯል። ስለ ዶቨር ነው የማወራው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዶቨር ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2004 የአካባቢው የትምህርት ቦርድ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አንድ ነገር ወሰነ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ቲዎሪ ክፍተቶች እንዳሉበት ይነገራቸው፣ «ኢንተለጀንት ዲዛይን» የሚባል ሌላ ሐሳብ መኖሩንም ይወቁ የሚል። ኢንተለጀንት ዲዛይን ባጭሩ ሕይወት በጣም ውስብስብ ስለሆነች ያለ ብልህ ንድፍ አውጪ ልትገኝ አትችልም የሚል ክርክር ነው። ንድፍ አውጪው ማን እንደሆነ በግልጽ አይናገሩም። ማንን ማለታቸው እንደሆነ ግን ለማንም አይጠፋውም።

ልብ በሉ፣ ዳርዊንን አታስተምሩ አልተባለም። ያ ዘመን አልፏል። በ1925 ቴነሲ ውስጥ ጆን ስኮፕስ የሚባል ወጣት መምህር ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት መጣ ብለህ አስተማርክ ተብሎ 100 ዶላር ተፈርዶበት ነበር። በ1968 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክልከላ ሻረው። በ1987 ደግሞ «ዝግመተ ለውጥ ከተማረ የፍጥረት ሳይንስም እኩል ይማር» የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ 7 ለ 2 ጣለው። ስለዚህ የዶቨር ሰዎች የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር፦ አንድ ደቂቃ ገደማ የምትፈጅ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ትነበብ፣ ስለ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚያስረዳ መጽሐፍ አለና የፈለገ ይመልከተው። በቃ ይሄው ነው።

የሳይንስ መምህራኑ ግን አናነብም አሉ። ምክንያታቸው በጣም ነው የሚመቸኝ። ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የሙያ ሥነ ምግባራችን የትምህርቱን ይዘት እያወቅን አዛብተን እንዳናቀርብ ይከለክለናል ነው ያሉት። ጽሑፏን የሚያነቡ የአስተዳደር ሰዎች ክፍል ድረስ መጡ። 11 ወላጆች ቀድሞውኑ ክስ መሥርተው ነበር።

ችሎቱ በ2005 መጸው ላይ ሃሪስበርግ ከተማ ተሰየመ። ዳኛው ጆን ጆንስ ሪፐብሊካን ናቸው፣ የሾሟቸውም ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ቦርዱን የሚደግፉ ሰዎች ዳኛውን ሲያዩ ሳይደሰቱ አልቀሩም መሰለኝ። ከዚያ ምስክር መሰማት ተጀመረ።

መጀመሪያ መጽሐፉ ጉድ ፈላበት። ከሳሾች የመጽሐፉን የቆዩ ረቂቆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስቀረቡ። ረቂቆቹ ላይ በግልጽ ስለ ፈጣሪና ስለ ፍጥረት ነው የሚወራው። ከ1987ቱ ውሳኔ በኋላ ግን እነዚህ ቃላት ወጥተው በቦታቸው «ንድፍ» ተተክቷል፣ ዐረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ሲተኩ ተቻኩለው የአሮጌው ቃል ጫፍና ጫፍ በአዲሱ ግራና ቀኝ ተለጥፎ ቀርቷል። ኮፒ ሲያደርግ የተያዘ ተማሪ ነው የመሰሉት።

ሁለተኛው ነገር የከሳሾች ምስክር የነበረው ኬኔት ሚለር ነው። ሚለር የብራውን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስት ነው፣ ያውም ካቶሊክ አማኝ። እኔን የሚገርመኝ ያመጣው ማስረጃ ነው፣ እስኪ ትንሽ ልቆይበት። ሰው በሴሉ ውስጥ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመል የተሸከመ ክር፣ አለው፤ 23 ጥንድ። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 አላቸው፣ 24 ጥንድ። ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት የመጣን ከሆነ አንዱ ጥንድ የት ገባ? ዝም ብሎ ሊጠፋ አይችልም፤ እንደዚያ ቢሆን ፅንሱ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ቲዎሪው ልክ ከሆነ ሁለት ክሮሞዞሞች እኛ ውስጥ ተጣብቀው አንድ ሆነው መገኘት አለባቸው። ማጣራት ይቻላል። የክሮሞዞም ጫፍ ቴሎሜር የሚባል የሚደጋገም ምልክት አለው፤ ተጣብቀው ከሆነ ይህ የጫፍ ምልክት መሃል ላይ መገኘት ይኖርበታል። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 2 ሲታይ ቴሎሜሩ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚያዝበት ሴንትሮሜር የሚባል ቦታ ደግሞ አንዱ ይሠራል፣ የሁለተኛው ርዝራዥ ሌላ ቦታ ላይ ይታያል። ቲዎሪው አስቀድሞ ራሱን ለመውደቅ አጋልጦ ነበር። አልወደቀም።

በሌላው ወገን የኢንተለጀንት ዲዛይን ዋና ተከራካሪ ማይክል ቢሂ ቀረበ። አንተ «ሳይንሳዊ ቲዎሪ» በምትለው ሰፊ ትርጉም ኮከብ ቆጠራም ሳይንሳዊ ቲዎሪ ይሆናል ወይ ሲባል፣ አዎ፣ በዚያ ትርጉም ይሆናል አለ። ሰውዬው ሐቀኛ ነው፣ አልዋሸም። የቦርዱ ሰዎች ግን እንደሱ አልነበሩም። 60 የመጽሐፉ ቅጂዎች ከስም የለሽ ለጋሽ ተሰጡ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ አንዱ የቦርድ አባል ገንዘቡን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሞ እንደሰበሰበ ታወቀ። ዳኛው 139 ገጽ ባለው ውሳኔያቸው ይህን ውሸት ሳይሸፋፍኑ ጻፉት። እምነታችንን በአደባባይ እንመሰክራለን የሚሉ ሰዎች ዱካቸውን ለመሸፈን መዋሸታቸው አስገራሚ ነው ብለዋል። ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ውስጥም ቦታ የለውም ሲሉ ፈረዱ። ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት በተደረገው ምርጫ የከተማው ሰው የተወዳደሩትን ስምንቱንም የቦርድ አባላት አሰናበታቸው። ትምህርት ቤቱ ለከሳሾች ጠበቆች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ዳኛውም ዛቻ ደርሶባቸው ጥበቃ ተመደበላቸው።

አሁን ወደ ቤታችን። እኔ ያስተማርኩበት የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ የኢቮሉሽን ምዕራፉን የሚጀምረው የሕይወትን አመጣጥ የሚያስረዱ «ቲዎሪዎችን» በመዘርዘር ነው። ሕይወትን ፈጣሪ ፈጠራት የሚለው ስፔሻል ክሪኤሽን አለ። ሕይወት ካለው ነገር ሳይሆን ከበሰበሰ ነገር ትገኛለች የሚለው ስፖንቴኒየስ ጄኔሬሽን አለ። ሕይወት መጀመሪያ የላትም የሚል አለ፣ ከሕዋ መጣች የሚል አለ፣ ከኬሚካሎች ቀስ በቀስ ተገኘች የሚለው ባዮኬሚካሉ አለ። ዶቨር ላይ ያን ሁሉ ገንዘብና ጩኸት ያስከተለው ነገር እኛ ጋ መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ፣ ሰው ሁሉ አንብቦት ያልፋል። ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ስለ ሕይወት አመጣጥ ቲዎሪ ያልሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ቢመጣ ፍጥረት ትክክለኛ ቲዎሪ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። የዳርዊን ሐሳብ የመጀመሪያዋ ሕይወት እንዴት ተገኘች ለሚለው መልስ እንዳልሆነም ልጆቹ ሳይገባቸው ነው ምዕራፉ የሚያልቀው።

ለባዮሎጂ አዝኜ ብቻ አይደለም ይህን የምለው። እኔ ካህን ብሆን ከባዮሎጂ መምህሩ በላይ የምቆጣው እኔ ነበርኩ። የእግዚአብሔር ሥራ የተቀመጠው ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ መረቁን አፍልቶ ውድቅ ካደረገው ሐሳብ አጠገብ ነው። ከበሰበሰ ሥጋ ትል ይወለዳል ከሚለው ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ! ሳይንስ ውስጥ ያስገባኸው ነገር ሁሉ ይመረመራል፣ ይፈተናል፣ ሊወድቅም ይችላል። አማኙ እምነቱን እዚያ ሰልፍ ውስጥ ማስገባት ፈልጎ ነው? አይመስለኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ 22ቱ ሥነ ፍጥረት ስንማር ማንም ሙከራ አምጡ አላለም። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዓመተ ዓለሙ ሲሰላ፣ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተደምሮ ዘንድሮ ማቴዎስ ነው ማርቆስ ሲባል፣ የድንጋይ ዕድሜ ይለካ ያለ የለም። ያ ትምህርት የራሱ ቤት፣ የራሱ መምህርና የራሱ ክብር አለው።

ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጣል ይላል። ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ አለባበስና ስለ ጸሎት ሲከራከሩ ነው። ስለ መጽሐፍ ይዘት ሲጠቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞ እኮ እኛ ነን። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው እኛ ጋ ነው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ሰላም የተባለችውን ሕፃን ዲኪካ ላይ ያገኛት የእኛው ልጅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነች፣ አፋር ውስጥ ነው የተገኘችው። የቱሪዝም መፈክራችን «ምድረ ቀደምት» ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን ሉሲ እንላለን። ካፌው ሉሲ፣ ሆቴሉ ሉሲ። የሰው ዘር መገኛ ነን ብለን ደረታችንን እንነፋለን፣ እንዴት ነው መገኛ የሆንነው ሲባል ግን ወሬ እንቀይራለን። በዚህ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ብዛቱ! አምስት ኪሎ እኮ ነው ያለው።

ክፍል ውስጥ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ከዝንጀሮ ከመጣን ዝንጀሮ አሁን ለምን ሰው አይሆንም?» ክፍሉ ያጨበጭባል። ጠያቂው ጀግና ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ አያታችሁ ነው ያለ ሳይንቲስት የለም። የሩቅ ዘመድ ነው፣ እሱም በራሱ መንገድ እስከ ዛሬ ተለውጦ የመጣ። ግን መምህሩ ይህን ለመመለስ ጊዜም ድፍረትም ያስፈልገዋል። ምዕራፉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፈተና ደርሶ ሁሉም ሲሮጥ ነው። ስለዚህ «ለፈተና ያዙት»።

ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለትም አልወድም። የአክስቴን ልጅ ያበሳጨው ይህ ምርጫ ነው መሰለኝ፤ ልጁ ወይ ሳይንስ ወይ ቤተ ክርስቲያን የተባለች መስሎታል። ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪን ነገርኩት። ከሶቪየት ኅብረት ወጥቶ በ1927 አሜሪካ የገባ፣ ዘረመልንና የዳርዊንን ሐሳብ ካገናኙት ትልልቅ ሳይንቲስቶች አንዱ፣ ኦርቶዶክስ። በ1973 ለባዮሎጂ መምህራን በጻፈው ጽሑፍ ባዮሎጂ ያለ ዝግመተ ለውጥ ትርጉም እንደማይሰጥ ተከራክሮ፣ እዚያው ጽሑፍ ላይ እግዚአብሔር እንደፈጠረም እንደሚያምን አስቀምጧል። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ዝም አለና «ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ» አለኝ። አልተዋጠለትም። ቢሆንም ስልኩን አልዘጋብኝም።

እኔ መጽሐፉን የማረም ዕድል ባገኝ ያንን ዝርዝር አውጥቼ በቦታው ክሮሞዞም 2ን አስገባ ነበር። ስለ አፋር አፈር ንብርብርም አንድ ገጽ እጨምራለሁ፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርጎን ተለክቶ ዕድሜ እንዴት እንደሚታወቅ። ልጆቹ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት አለባቸው፣ አለበለዚያ 3.2 ሚሊዮን ማለትም እኮ አንድ ተጨማሪ የሚሸመደድ ነገር ነው። ለመምህራን ሥልጠና የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ይሁን፦ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነስቶ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ታዲያ አዳም ውሸት ነው?» ሲል ምን ትላለህ?

እኔ የምለው ይህን ነው። «ይሄን ባዮሎጂ አይመልሰውም። የኔታን ጠይቅ፣ ኡስታዝህን ጠይቅ፣ ፓስተርህን ጠይቅ። እኔን ስለ ክሮሞዞሙ ጠይቀኝ።» አንዳንዱ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ እጁን ሳያወርድ «እሺ፣ መሃል ላይ ያለው ቴሎሜር መሆኑን እንዴት አወቁ?» ይላል፣ እና ያን ቀን ማስታወሻ ሳንጽፍ ደወል ይደወላል።