የማን ዩኒት?

ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት (ሴል የሚራባበት የላብራቶሪ ሳህን) ነው። በየጉድጓዱ 2 ሚሊ ሊትር ሚዲየም (ሴሎቹን የሚመግብ ፈሳሽ) እና ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ዕጢ ቁራጭ። በ10ኛው ቀን በዕጢው ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች (ካንሰርን የሚዋጉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች) ከቁራጩ ዳር እንደ ንብ መንጋ መትመም ነበረባቸው። በማይክሮስኮፕ የታየው ግን እዚህም እዚያም የተበተነ የቀጨጨ ሴልና ብዙ ፍርስራሽ ነው። ደግነቱ የልምምድ ዙር እንጂ ለታካሚ የሚሰጥ አልነበረም።

የላብራቶሪው ኃላፊ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ዕጢው ነው፤ መሃሉ ሞቷል፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ስብ ቆርጠው ልከውልናል። በማግስቱ ደግሞ ጥፋተኛው ሚዲየሙ ውስጥ የሚገባው ሴረም (ከደም የሚገኝ ፈሳሽ) ሆነ። ዕጢና ሴረም መልስ ስለማይሰጡ ለወቀሳ ይመቻሉ።

በመጨረሻ ጡረታቸው የደረሰ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ የሥራ ደብተሩን ሴሎቹን ከሚያራባው ልጅ ተቀበሉ።

«ኢንተርሉኪን-2 ስንት ጨመርክ?» ቲ ሴሎች እንዲራቡ የሚያደርገውን ፕሮቲን ማለታቸው ነው።

«በሚሊ ሊትር 1,000 ዩኒት። ፕሮቶኮሉ የሚለውን ነው የጨመርኩት።»

«የማን ዩኒት?»

ልጁ ዝም አለ። ዩኒት ደግሞ የማን ይሆናል?

ፕሮቶኮሉ የቅጂ ቅጂ ነው፤ ዘሩ የሚመዘዘው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አሜሪካዊው የካንሰር ተመራማሪ ስቲቨን ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ በዕጢ ውስጥ የተገኙ ቲ ሴሎችን አራብተው ለሜላኖማ ሕሙማን የሰጡበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያሳትሙ ኢንተርሉኪን-2 በአምራቹ ኩባንያ በሲተስ ዩኒት ይለካ ነበር። 1 የሲተስ ዩኒት ወደ 6 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይጠጋል። በኢንተርሉኪን-2ው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው 22 ሚሊዮን ግን ዓለም አቀፉ ዩኒት ነው። በ1.2 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲበጠበጥ (ውሃው በብልቃጡ ግድግዳ ይውረድ፤ በእርጋታ ይዙር እንጂ አይናጥ) በሚሊ ሊትር 18 ሚሊዮን ይሆናል። ለ500 ሚሊ ሊትር ሚዲየም 167 ማይክሮ ሊትር መግባት ሲኖርበት፣ ልጁ 1,000ውን እንደ ዓለም አቀፍ ዩኒት ስለቆጠረው፣ የገባው 28 ነው።

ከየጉድጓዱ 1 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ 11,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ያለበት 1 ሚሊ ሊትር ተተካ፤ ሲቀላቀል 6,000 መጣ። በሳምንቱ አብዛኛው ጉድጓድ በቲ ሴል ሞላ። ሦስቱ ግን ቀድሞም በ1,000 ሞልተው ነበር። ኃላፊው እስከ ዛሬ «ዕጢው ነው ብዬ ነበር» የሚለው እነሱን እየጠቀሰ ነው።

ፕሮቶኮሉ ላይ በቀይ «በ6 ይባዛ» ተብሎ ተጻፈ። ቆይቶ ሌላ ሰው ገጹን ሲያጸዳ 1,000ውን በ6,000 ተካና ቀዩን ማስታወሻ እንዳለ ተወው። ቀጥላ የመጣችው ልጅ ሁለቱንም አክብራ 36,000 አወጣች። ለአንድ ጠርሙስ ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ቀድታ ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ነው የማን ዩኒት እንደሆነ የጠየቀችው። አንጋፋዋ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር።