ይቅርታ የምትለዋ ቃል

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ይዞኛል። ሰማዩም አላገዘኝም፣ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ታክሲ ውስጥ አንዱ እግሬን ረገጠኝና «ይቅርታ» አለ። «ምንም አይደል» ልለው አፌን ስከፍት ሐሳቤ ቃሊቲ እስር ቤት ደረሰ።

ይቅርታ ሲባል ብርቱካን ሚደቅሳ ትመጣብኛለች። ዳኛ ነበረች፣ ጠበቃ፣ የፓርቲ መሪ፣ እስረኛ፣ ስደተኛ፣ በኋላም የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ። ለእኔ ግን ሕይወቷ የዞረው በሁለት የሕግ ቃላት ላይ ነው፦ ዋስትናና ይቅርታ።

ዋስትናው ይቀላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በቁጥር 67 ዋስትና የሚያስከለክሉ ሦስት ነገሮችን ያስቀምጣል፦ ተጠርጣሪው ግዴታውን አያከብርም የሚያሰኝ ነገር ሲኖር፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ሲታመን፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ሲባል። የሚመዝነው ዳኛው ነው። ብርቱካን በሙስና የተከሰሰውን የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትር የስዬ አብርሃን መዝገብ መዝና በዋስ ይውጣ አለች። ሰውየው ብዙም ሳይርቅ ፖሊስ መልሶ ያዘው። ከዚያ የመጣው ይግባኝ ቢሆን ወግ ነበር፤ የመጣው ሕግ ነው። በአዋጅ 239/1993 በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ተደረገና ሚዛኑ ከዳኛው እጅ ወጣ። በ1997 አዋጅ 434 ሲመጣ ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ ለሚያስቀጡት ብቻ ሆኖ ላላ። ለእሷ ግን ዳኝነቱ አልፎ ነበር። (ያ በዋስ የፈታችው ሰው ከዓመታት በኋላ፣ እሷ እስር ቤት ሳለች፣ የእሷው ፓርቲ አባል ሆነ። ልብ ወለድ ላይ ባነበው «አሁንስ አበዛው» እል ነበር።)

የከበደው ይቅርታ ነው።

ብርቱካንን ጨምሮ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የተቃዋሚው የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን 38 ሰዎች የይቅርታ ወረቀት ፈርመው ተፈቱ። በመሀሉ ያለው አራት ቀን ብቻ ነው። ሽምግልናው ግን ከፍርዱ በፊት ጀምሮ ሲጎተት የከረመ ነው፣ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቃሊቲ ሲመላለሱ። በዚያው መዝገብ የነበሩ ሁለት የሲቪል ማኅበራት ሰዎች፣ ሁለቱም የሕግ ባለሙያዎች፣ መከላከያ እናቀርባለን ብለው ቀሩ። ታኅሣሥ 2000 ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው። እነሱን ሳስብ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ የቃሉ ክብደት ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል።

ምክንያቱም ያኔ በነበረው የይቅርታ አዋጅ 395/1996 ይቅርታ ማለት ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የመጨረሻ ፍርድ መኖር አለበት። ከዚያ ፍርደኛው ራሱ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ጠበቃው ያመለክታል። የይቅርታ ቦርዱ አይቶ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። ፕሬዚዳንቱ ይሰጣል ወይም ይነሳል። በቅድመ ሁኔታ ሊሰጥ ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታው ከተጣሰ ወይም በማታለል የተገኘ ነው ከተባለ ይሻራል። ምሕረት ሌላ ነው፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 230 ምሕረት ፍርዱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። በአንቀጽ 229 ያለው ይቅርታ ግን የሚነካው ቅጣቱን ነው። ጥፋተኛ መባልህ መዝገብ ላይ ቁጭ ይላል።

ሽማግሌ ፊት ያለው ይቅርታስ? እዚያ ማመልከቻ የለም። ሽማግሌው ወደዚህ ዞሮ «አንተም ተው»፣ ወደዚያ ዞሮ «አንተም ተው» ይላል። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ይሳሳማሉ፣ ማን በደለ የሚለው ሆን ተብሎ እዚያው ይቀበራል። የመንግሥቱ ይቅርታ ደግሞ በደለኛ ከሌለ ከነጭራሹ አይጀመርም። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አስፍረህ ብታስፈርም፣ አንዱ ወገን ዕርቅ ነው ብሎ ይፈርማል፣ ሌላው ኑዛዜ ነው ብሎ ፋይል ያደርጋል። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው ብዬ አምናለሁ።

ብርቱካን በኅዳር 2001 ስዊድን ላይ የተናገረችው ፍሬ ነገሩ ይኸው ነበር፦ የወጣነው በሽምግልና ነው፣ ሕጉ በሚለው መንገድ አይደለም። መንግሥት «ይቅርታ አልጠየቅኩም ብላለች» ብሎ ያዘው፣ አስተባብዪ አላት። «ቃሌ» ብላ የጻፈችውን የሕግ ሰው ሆኖ ላነበበ ልዩ ሰነድ ነው፦ መፈረሟን አልካደችም፣ ፊርማው ምን ማለት እንደሆነ ግን ሌላ ሰው እንዲተረጉምላት አልፈቀደችም። ታኅሣሥ 19 ተያዘች። ይቅርታው ተሽሮ ዕድሜ ልኩ ከነበረበት ቀጠለ፣ ለወራትም ለብቻዋ ተዘግቶባት ነበር። መስከረም 26 ቀን 2003 ተፈታች። እንዴት? በይቅርታ። ያውም ጠየቀች ተብሎ ለሕዝብ ተነግሮ። ከ21 ወር በኋላ ያቺኑ ቃል፣ ያለምንም የትርጉም ክርክር።

ከዚያ አሜሪካ፣ ትምህርት፣ ኅዳር 13 ቀን 2011 በፓርላማ ቃለ መሐላ፣ የ2013ቱ ምርጫ፣ በ2015 በጤና ምክንያት መልቀቅ። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ማለፌ ነውር ነው፤ ምርጫ ቦርዱ ብቻውን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ዛሬ ግን ከቃሏ አልወጣ አልኩ።

ቀና ስል እግሬን የረገጠኝ ሰውዬ የለም። መቼ እንደወረደ አላየሁም። ይቅርታውን ጠይቋል፤ እኔ አልሰጠሁም፣ አልከለከልኩም፣ ማመልከቻውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አሁን ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ? ከሆነስ በየትኛው? 395 እንደሆነ በ840/2006 ተሽሯል።