«ሰውነትዎ መድኃኒቱን እምቢ ብሏል» የተባሉት ታካሚ

በካንሰር ሕክምና ክፍል በፋርማሲስትነት ስሠራ እስካሁን የሚቆጨኝ፣ ሐኪሞች ተሰብስበው የካንሰር ታካሚዎችን ሕክምና በሚወስኑበት የቱመር ቦርድ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አንሥቼ መልሱ ሳያረካኝ ዝም ያልኩበት ቀን ነው። የቀረበው የአንዲት የ44 ዓመት ታካሚ ጉዳይ ነበር። ኢስትሮጅን ለተባለው የሴት ሆርሞን ተቀባይ ያለውና በእርሱ የሚያድገው የጡት ካንሰራቸው ሲታወቅ ጀምሮ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ስለነበር አስቀድሞ ኬሞቴራፒ ተሰጥቷቸው፣ ቀጥሎ ሌትሮዞል የተባለውን የሆርሞን ሕክምና ኪኒና በቀን 2.5 ሚሊግራም፣ የካንሰር ሴሎችን መባዛት ከሚገታው ፓልቦሲክሊብ ጋር ጀምረው፣ በ5ኛው ወር በጉበታቸው ላይ አዲስ ዕጢ ታየ። በመጀመሪያው የሆርሞን ሕክምና ላይ እያሉ የተሰራጨው ካንሰር ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ ካደገ፣ ካንሰሩ ከመነሻው መድኃኒቱን የተቋቋመ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ውሳኔው ወደ ሌላ ኬሞቴራፒ አዘነበለ።

«የወር አበባቸው የቆመው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ባለፈው ዓመት፣ ኬሞቴራፒ ላይ ሳሉ። ማረጣቸው ካርዱ ላይ ተጽፏል» አሉኝ ስብሰባውን የሚመሩት ሐኪም፣ ገጹን እየገለጡ። የሚቀጥለው ታካሚ ካርድ ተከፈተ።

በኬሞቴራፒ ምክንያት የቆመ የወር አበባ ማረጥ ማለት እንዳልሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላልና ኢስትሮጅን የሚያመርተው የሴት አካል፣ ከብዙ ወራት በኋላም ዳግም ሊነቃ እንደሚችል በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተማረ ሰው አልነበረም። ሌትሮዞል አሮማቴዝ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ፣ ካረጡ በኋላ በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚመረተውን ጥቂት ኢስትሮጅን ያስቀራል። ኦቫሪ እየሠራ ከሆነ ግን የኢስትሮጅኑ መቀነስ አንጎልን ቀስቅሶ ኦቫሪውን ይበልጥ ያሠራዋል እንጂ መድኃኒቱ ብቻውን አይገታውም። ይህን እያወቅሁ ለምን ሁለተኛ እንዳልጠየቅሁ ራሴን ስጠይቅ፣ ከተናጋሪው ማዕረግ ሌላ ምክንያት አላገኝም።

ከሰዓት በኋላ ታካሚዋ ወደ መስኮቴ መጡ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የወር አበባ ዳግም አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ማየት ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ» አሉኝ። «ጤናዬ እየተመለሰ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ደግሞ ሰውነትዎ መድኃኒቱን እምቢ ብሏል ተባልኩ። እኔ ምን እምቢ አልኩ?»

በዚያው ቀን የታዘዘው የኢስትራዲዮል (የዋናው ኢስትሮጅን) የደም ምርመራ ኦቫሪያቸው ሙሉ በሙሉ እየሠራ መሆኑን አሳየ። ኬሞቴራፒው ለጊዜው ቀርቶ፣ ኦቫሪን የሚያሳርፈው ጎሴሬሊን በየ28 ቀኑ 3.6 ሚሊግራም በመርፌ ተጨመረላቸው፤ በሚቀጥለው ምርመራም የጉበታቸው ዕጢ አንሶ ተገኘ። ካርዳቸው ላይ የሰፈረውን «መድኃኒት የተቋቋመ» የሚል ቃል ግን የሰረዘው የለም።

ከዚያ ወዲህ ካንሰሩ መድኃኒቱን ተቋቋመ የተባለላቸውን ታካሚ ሁሉ ሳልጠይቅ አላልፍም። ሆኖም አንዲት እናት እንደ ሌትሮዞል አሮማቴዝን የሚያግደውን አናስትሮዞል 3 ዓመት ወስደው በሽታው ባገረሸ ጊዜ፣ ከስብሰባው ቀድሜ «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዱ ነበር?» አልኳቸው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በመገጣጠሚያ ሕመም የተነሣ ኪኒናውን በዝምታ የሚያቋርጡ ብዙዎች ናቸው። እርሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ «ጣቶቼ አልታጠፍ እያሉኝ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ እንኳ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ጥፋቱ የአንቺ ነው እያልከኝ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

የደም ምርመራው የኢስትሮጅን ተቀባይ በሚሠራበት በኢኤስአር-1 ጂን ላይ ለውጥ አገኘ። ይህ ለውጥ ተቀባዩን ያለ ኢስትሮጅንም ሥራውን እንዲቀጥል ያደርገዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገነውም ልክ እንደ አናስትሮዞል ያለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በታማኝነት በወሰዱ ሴቶች ላይ ነው። ተቀባዩን ራሱን ወደሚያፈርሰው ፉልቬስትራንት ተዛወሩ፤ 500 ሚሊግራሙ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫቸው ይወጋል።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አሁን ካንሰሩ በራሱ ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሜ ሳልነግር፣ ሕመሙ እንዴት እንዳደረጋቸው ሳልሰማ ስለ ኪኒናው አልጠይቅም። እርሳቸው በየ28 ቀኑ ይመጣሉ፤ ካርዳቸውን በመስኮቱ ያሳልፉልኛል፣ መድኃኒታቸውን ይቀበላሉ፣ «ልጄ» ግን ብለውኝ አያውቁም።